ካልገጠመ የማይሠራ፣ ከገጠመ የሚገድል፦ የሳውንድ ዕቃዎች የዳታ «ሉፕ» እንዴት ይዘረጋል?

ይሄን አስቡት። ሠርግ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። ሚክሰሩ ዲጂታል፣ መድረኩ ላይ ማይኮቹ የሚሰኩበት ሳጥን ዲጂታል፣ አምፕሊፋየሮቹም እንደዚያው። ሁሉም በኔትወርክ ኬብል አንድ ስዊች ላይ ተገናኝተዋል። አንድ ረዳት ልጅ ከስዊቹ ሥር ጫፉ ወለል ላይ የወደቀ ኬብል ያያል። «ይሄ ወልቆ ነው» ብሎ ባዶ ቀዳዳ ፈልጎ ይሰካዋል። የኬብሉ ሌላኛው ጫፍ ግን ቀድሞም እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ እኩል መርገብገብ ይጀምራሉ፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ጭጭ። ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ፌደሩን ቢገፋም ቢስበውም ምንም የለም።

የሚገርመው፣ ልጁ ያደረገው ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረ የሳውንድ ኔትወርክ ላይ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ ጥገና ነበር። ያኔ ቀለበቱ ካልገጠመ ምንም አይሠራም። ዛሬ ቀለበቱ ከገጠመ ምንም አይሠራም። ሁለቱም ግን «ሉፕ» ነው የሚባሉት። ብዙ ሰው የሚያደባልቀውም እዚህ ጋር ስለሆነ ከሥሩ ጀምረን እንየው። ሳውንድ ለምትሠሩ፣ ቤተ እምነት ወይም አዳራሽ ውስጥ ለምታግዙ፣ ስቱዲዮ ለመክፈት ዕቃ እየሰበሰባችሁ ላላችሁ ይጠቅማል።

ከረንቱ መዞር አለበት

የድሮው ሉፕ «ከረንት ሉፕ» ይባላል። ሐሳቡ ከሳውንድ ዓለም የመጣ አይደለም፤ ከቴሌፕሪንተር ዘመን የተወረሰ ነው። አንዱ መሣሪያ በሽቦው ውስጥ 20 ሚሊአምፒር ከረንት ይለቃል። ከረንቱ ሲፈስ «1»፣ ሲቋረጥ «0» ማለት ነው። በቃ፣ ቋንቋው ይሄው ነው።

ለምን በቮልቴጅ አይላክም? በቮልቴጅ ስትልኩ ሽቦው በረዘመ ቁጥር መጨረሻው ላይ የሚደርሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ከረንት ግን በሲሪስ መስመር ውስጥ የትም ቦታ ብትለኩት እኩል ነው፤ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው። ምንጩ ያንን 20 ሚሊአምፒር መግፋት እስከቻለ ድረስ፣ የመጨረሻው ዕቃ ልክ እንደ መጀመሪያው አጥርቶ ይሰማል።

ሌላም ጥቅም አለው። ከረንቱ የሚደርሰው ኦፕቶካፕለር የሚባል ትንሽ አይሲ ላይ ነው። ውስጡ ኤልኢዲ አለ፤ ከረንት ሲደርሰው ይበራል፣ ከፊቱ ያለው የብርሃን ሴንሰር መብራቱን ያያል። በሁለቱ መካከል ሽቦ የለም፣ ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱ ዕቃ ግራውንድ ከሌላው ግራውንድ ጋር አይነካካም። ሳውንድ የሠራ ሰው ይሄ ምን ያህል ወርቅ እንደሆነ ያውቃል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የታወቀው ምሳሌ የክራውን አይኪው ሲስተም ነው። ክራውን ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት ከተማ ውስጥ የተወለደ የአምፕሊፋየር ድርጅት ነው። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲመሠረት ስሙ ኢንተርናሽናል ሬዲዮ ኤንድ ኤሌክትሮኒክስ ኮርፖሬሽን ነበር፤ መሥራቹ ክላረንስ ሙር ቀደም ሲል ኢኳዶር፣ ኪቶ ውስጥ የሚሲዮን ሬዲዮ ጣቢያ ኢንጂነር ነበር።) በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ድርጅቱ አምፖቹን ከኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግር ሲስተም ይዞ መጣ።

ችግሩ ምን ነበር? ትልቅ ስታዲየም ወይም የስብሰባ ማዕከል ውስጥ አምፖቹ በየክፍሉ ተበታትነው ነው የሚቀመጡት። የትኛው እንደጋለ፣ የትኛው ክሊፕ እያደረገ እንደሆነ ለማወቅ ሰው በእግሩ መዞር ነበረበት። አይኪው አምፑ ጀርባ ላይ በሚሰካ ካርድ አማካይነት ያንን ሁሉ መረጃ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይሰበስባል። ከዚያው ወንበር ላይ ሆኖ ቮልዩም መቀነስ ወይም አምፑን ማጥፋት ይቻላል።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው። ከኮምፒውተሩ ኢንተርፌስ «አውት» የሚወጣው ጥንድ ሽቦ የመጀመሪያው አምፕ «ኢን» ላይ ይገባል። የዚያ አምፕ «አውት» ወደ ሁለተኛው «ኢን»፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያለ ይቀጥላል። የመጨረሻው አምፕ «አውት» ደግሞ ተመልሶ ወደ ኮምፒውተሩ ኢንተርፌስ «ኢን» ይገባል። ይሄን የመልስ ሽቦ መርሳት የለም። የድሮ የገና ዛፍ መብራት ታስታውሱ እንደሆነ፣ አንዷ አምፖል ስትቃጠል ሙሉው መስመር ነበር የሚጠፋው። ይሄም ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በዚህ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ትእዛዝ እንጂ ድምፅ አይደለም። ፍጥነቱ በሰከንድ 38,400 ቢት ብቻ ነው። አንድ የ48 ኪሎኸርዝ፣ የ24 ቢት የድምፅ ቻናል ብቻውን 1,152,000 ቢት ይፈልጋል፤ የዚያን 30 እጥፍ ማለት ነው። ድምፁ በራሱ በአናሎግ ገመድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሉፑ ቢበጠስ ኮምፒውተሩ ይታወራል እንጂ አዳራሹ ዝም አይልም። ይሄ ልዩነት በኋላ ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል።

የተበጠሰውን መፈለግ

እንደዚህ ዓይነት ሲስተም ዛሬም የቆዩ አዳራሾች ውስጥ ሊገጥማችሁ ይችላል። ኮምፒውተሩ አንድም አምፕ አላይም ካለ፣ ከአስራ ስድስት አምፕ የትኛው ጋር እንደተበጠሰ እንዴት ታገኛላችሁ? አንድ በአንድ መፈተሽ ልብ ያደርቃል። መሃሉን ቁረጡት። ከ8ኛው አምፕ «አውት» በጊዜያዊ ረጅም ሽቦ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ «ኢን» መልሱት። የፊተኞቹ ስምንት ከታዩ ችግሩ ከ8ኛው ወዲያ ነው። ካልታዩ ከ8ኛው ወዲህ ነው። ከዚያ የቀረውን ስምንት ለሁለት፣ አራቱን ለሁለት እያላችሁ ስትቀጥሉ በአራት ሙከራ ትደርሱበታላችሁ።

ከመበጠስ ሌላ ሁለት ሦስት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። ፕላስና ማይነስ መገልበጥ አንዱ ነው፤ ከረንት አቅጣጫ አለው፣ ኤልኢዲም በተገላቢጦሽ አይበራም። «ኢን» እና «አውት» ማቀያየር ሌላው ነው። ሁለት አምፖች አንድ ዓይነት አድራሻ ቁጥር ይዘው ሲገኙ ደግሞ ሽቦው ሁሉ ደህና ሆኖ ንግግሩ የተምታታ ይሆናል። በተረፈ አንዱ ዕቃ ሲጠፋስ ካላችሁ፣ በደንብ የተሠራ ዕቃ ውስጡ ሪሌይ አለው፦ ፓወር ሲያጣ ሪሌዩ ኢኑን ከአውቱ ጋር ያገናኝና ቀለበቱ እንደገጠመ ይቆያል።

ሽቦው የተጠማዘዘ ጥንድ መሆን አለበት። ከ220 ቮልት ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስኪዱት፤ መገናኘት ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይለፍ።

ሚዲ፣ የሁለቱ ድልድይ

ስቱዲዮ ያላችሁ፣ ከረንት ሉፕ በየቀኑ እየተጠቀማችሁ ሊሆን ይችላል። ባለ አምስት ፒኑ ክብ የሚዲ ገመድ ከረንት ሉፕ ነው። 5 ሚሊአምፒር፣ በሰከንድ 31,250 ቢት፣ እስከ 15 ሜትር። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው የናም ኤግዚቢሽን ላይ የሲክዌንሻል ኪቦርድና የሮላንድ ኪቦርድ ተያይዘው ሲነጋገሩ ለሕዝብ ታየ። ሐሳቡን የገፉት ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ለዚሁ ሥራ የቴክኒካል ግራሚ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ገመድ ራሳችሁ የምትበይዱ ከሆነ፦ ዳታው 4ኛና 5ኛ ፒን ላይ ነው። ሺልዱ 2ኛ ፒን ላይ ይበየዳል፤ ተቀባዩ ዕቃ ውስጥ ግን «ኢን» ላይ ያለው 2ኛ ፒን ከግራውንድ ጋር አይገናኝም። ሆን ተብሎ ነው። አንዳንድ ጎበዝ ነኝ ባይ ጠጋኝ ዕቃውን ከፍቶ «ይሄ ተረስቷል» ብሎ ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እምምም የሚል ድምፅ ሲያሳድድ ይከርማል።

ሚዲ ላይ አንድ አዲስ ነገር ታያላችሁ። እያንዳንዱ ኬብል ለብቻው የራሱ ትንሽ የከረንት ቀለበት ነው። ነገር ግን ኪቦርዱ ወደ ኮምፒውተር የላከውን ኖት ኮምፒውተሩ መልሶ ወደ ኪቦርዱ ቢልከው፣ ኪቦርዱም የተቀበለውን መልሶ ወደ ኮምፒውተሩ ቢያስተላልፍ፣ ያቺ አንድ ኖት መዞር ትጀምራለች። ድምፁ ይደራረባል፣ ኪቦርዱ ይፈዛል። ሽቦው መግጠም አለበት፤ መልእክቱ ግን መዞር የለበትም። የዛሬው ኔትወርክ ጣጣ እዚህ ጋር ይጀምራል።

(ዲጄዎች መብራት የምታያይዙበትን ዲኤምኤክስ እዚህ ውስጥ እንዳትከቱት። እሱ ቀለበት ሳይሆን ሁለት ጫፍ ያለው መስመር ነው፦ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየሄደ የመጨረሻው ላይ 120 ኦም ተርሚኔተር ይሰካበታል። ተመልሶ የሚገባ ገመድ የለውም።)

አሁን ድምፁም በዚያው ገመድ ነው

ዛሬ ብዙ አዳራሾች የሚጠቀሙት ዳንቴ የሚባለውን ነው፤ የሲድኒው ኦዲኔት ሥራ ነው። ተራ የኢተርኔት ኬብልና ስዊች ይጠቀማል። አንድ የጊጋቢት መስመር በ48 ኪሎኸርዝ በእያንዳንዱ አቅጣጫ እስከ 512 ቻናል መሸከም ይችላል። ከአናሎግ «ስኔክ» ጋር ስታወዳድሩት፣ ክንድ የሚያክለው ገመድ በአንድ ቀጭን ኬብል ተተካ ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን ከላይ ልብ በሉ ያልኳችሁ ነው። ድሮ የዳታ ገመዱ ሲበላሽ ድምፁ ይቀጥላል። አሁን የዳታ ገመዱ ሲበላሽ ድምፁ ራሱ ነው የሚሄደው።

ኢተርኔት ውስጥ ቀለበት ለምን ይገድላል? ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ እንበል። አንዱ ግሩፕ ውስጥ የገባውን ሁሉ ወደ ሌላው ፎርዋርድ የሚያደርግ ቦት አለ። ሁለተኛው ግሩፕ ውስጥም እንደዚሁ ወደ መጀመሪያው የሚልክ ቦት አለ። አንድ ሰው «ሰላም» ቢል ያቺ ሰላምታ ማቆሚያ የላትም። ሌላው «እንዴት ናችሁ» ሲል እሷም ትጨመራለች። ጥቂት ቆይቶ ስልካችሁ ይንቀጠቀጣል እንጂ ምንም ማንበብ አትችሉም።

ስዊች ለሁሉም የተላከ መልእክት ሲደርሰው ከመጣበት ቀዳዳ በስተቀር በሁሉም ቀዳዳ ያወጣዋል። ቀለበት ካለ ያው መልእክት ዞሮ ይመጣል፤ ስዊቹም አዲስ መስሎት እንደገና ይበትነዋል። የኢንተርኔት ፓኬት «ይሄን ያህል ዞሬያለሁ፣ ይበቃኛል» የሚል ቆጣሪ አለው። የኢተርኔት ፍሬም ግን የለውም። ይሄ «ብሮድካስት ስቶርም» ይባላል። ዳንቴ ላይ ቶሎ የሚሰማው ደግሞ ዕቃዎቹ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት መልእክት ራሱ ለብዙዎች የሚበተን ዓይነት ስለሆነ ነው። ሰዓቱ ሲዛባ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ይጠፋል።

መድኃኒቱ የተገኘው ከዳንቴ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባለች ኢንጂነር ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ እየሠራች «ስፓኒንግ ትሪ» የሚባለውን ዘዴ ፈጠረች፤ ዘዴውን የሚገልጽ ግጥምም ጽፋለታለች። ስዊቾቹ እርስ በርስ ይነጋገሩና ቀለበት ካገኙ አንዱን መስመር በራሳቸው ያግዱታል። ያልታገደው ሲበጠስ የታገደው ይከፈታል።

ታዲያ የሠርጉ አዳራሽ ለምን ጸጥ አለ? ብዙ ጊዜ ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ ስዊች፣ ሴቲንግ የሌለው «አንማኔጅድ» የሚባለው፣ ስፓኒንግ ትሪ ስለሌለው ነው። ለሳውንድ ሥራ «ማኔጅድ» ስዊች መግዛት ትርፍ ወጪ አይመስለኝም፤ ከአንድ ጥሩ ማይክ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው ባይ ነኝ። ስትገዙትም «ግሪን ኢተርኔት» የሚባለውን ኃይል ቆጣቢ ሴቲንግ አጥፉት። ቀዳዳውን እንቅልፍ እየወሰደው የሰዓቱን መልእክት ያዘገያል።

ሁለቱ ቀዳዳዎች

አሁን በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ብዙ የዳንቴ ዕቃዎች ጀርባቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ አላቸው፤ ፕራይመሪ እና ሰከንደሪ። ሰው ሁለቱንም ሲያይ «አንዱ መጠባበቂያ ነው» ብሎ ሁለቱንም አንድ ስዊች ላይ ይሰካል። ዕቃው «ስዊችድ» ሞድ ላይ ከሆነ ሁለቱ ቀዳዳዎች የትንሽ ስዊች ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ስለዚህ በገዛ እጃችሁ ቀለበት ገጠማችሁ።

መጠባበቂያ ከፈለጋችሁ ዕቃውን ወደ «ሪደንደንት» ሞድ ቀይሩት፤ ፕራይመሪውን አንድ ስዊች ላይ፣ ሰከንደሪውን ሌላ ስዊች ላይ ሰኩት። ሁለቱን ስዊቾች በምንም ገመድ አታገናኙ። አንዱ ስዊች ቢሞት ድምፁ በሌላኛው ይቀጥላል። ከሁሉም ዕቃ መካከል አንዱ ብቻ በስህተት ስዊችድ ሞድ ላይ ቀርቶ ሁለቱም ስዊቾች ላይ ከተሰካ፣ ሁለቱን ኔትወርኮች ያዋሕዳቸዋል፤ ሁለት ዕቃዎች እንደዚያ ከሆኑ ደግሞ ቀለበቱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት ሞዱን አንድ በአንድ እዩ።

መለያው ቀላል ነው። አድራሻ የሚያድል ራውተር ከሌለ ፕራይመሪው 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይይዛል፣ ሰከንደሪው 172.31 ብሎ ይጀምራል። ሰከንደሪ ስዊች ላይ የ169.254 አድራሻ ካያችሁ አንድ ቦታ ተቀላቅሏል።

ሆን ተብሎ በቀለበት የሚሠሩ ዘመናዊ ሲስተሞችም እንዳሉ ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። የጀርመኑ ኦፕቶኮር በፋይበር ነው የሚሠራው፤ የዲጂኮ ሚክሰሮችም ይጠቀሙበታል። እዚያ ቀለበቱ እንዲገጥም ይፈለጋል፦ አንድ ቦታ ቢቆረጥ ዳታው በሌላኛው አቅጣጫ ዞሮ ይደርሳል። ስለዚህ «ቀለበት ክልክል ነው» ብላችሁ በጭፍን አትንቀሉ፤ መጀመሪያ የምን ሲስተም እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ ኬብሉ

ገበያ ላይ ከውጭ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ኬብል ሞልቷል። በዋጋ ይስባል፤ ግን አልሙኒየም ከመዳብ ይልቅ ከረንት ይከለክላል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ብርማ ከሆነ ለመድረክ ሥራ ተዉት። ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ራስ ስትመቱ የቀለሙ ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ጥንዱን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱት።

የግራውንድ ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሦስተኛው «ሉፕ» እሱ ነው፦ ሁለት ዕቃዎች በሁለት የተለያየ ሶኬት ግራውንድ ሆነው ደግሞ በድምፅ ገመዱ ሺልድ ሲገናኙ የሚፈጠረው ቀለበት። የመብራቱን 50 ኸርዝ ወደ ስፒከሩ ያመጣዋል። የኢተርኔት ቀዳዳ ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ፣ ሺልድ በሌለው ኬብል ካገናኛችሁ ይሄ ቀለበት አይፈጠርም። የድሮው ኦፕቶካፕለር በብርሃን የሠራውን ይሄኛው በማግኔት ይሠራዋል።

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባለችው ክፍተት ስዊቹ ሪስታርት ያደርጋል። የቆየው ስፓኒንግ ትሪ ደግሞ እያንዳንዱን ቀዳዳ እስኪከፍት 30 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ በሙሽራ ፊት ረጅም ነው። ፈጣኑን «ራፒድ» የሚባለውን ምረጡ፣ ስዊቹንም ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጉት።

ስቶርሙ ፕሮግራም መሃል ከተነሳ፣ መጀመሪያ ማስተር ፌደሩን አውርዱ፤ ድምፁ ሲመለስ በዚያው ከፍታ ነው የሚመጣው። ሚክሰሩን ሪስታርት አታድርጉ፣ ጥፋቱ እሱ ጋር አይደለም። ወደ ስዊቹ ሂዱና መጨረሻ የተሰካውን ገመድ ንቀሉ። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ስዊች ከስዊች የሚያገናኙትን፣ ከዚያ ሁለት ቀዳዳ ያላቸውን ዕቃዎች ሰከንደሪ አንድ በአንድ ንቀሉ። ትክክለኛውን ስትነቅሉ መብራቶቹ ወዲያው ረጋ ይላሉ። ያንን ገመድ ሁለቱም ጫፉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበትና አስቀምጡት፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ማንም እንዳይሰካው።